ከጉሎ ማሳ እስከ ናፍጣ ጋን

ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ማልዶ የወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ጭስ ይሸተዋል። ባጃጆቹ የሚያቃጥሉት ቤንዚን ነው። ወደ ይርጋለም፣ ወደ ዲላና ወደ ወላይታ ሶዶ የሚጭኑት ኢሱዙዎች ደግሞ በናፍጣ ይሄዳሉ። ማደያ ፊት ጀሪካን ይዞ የሚቆመው አርሶ አደርም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ናፍጣ ነው፤ ለውኃ መሳቢያ ሞተር፣ ለወፍጮ፣ ተራው ከደረሰው ደግሞ ለኪራይ ትራክተር። ናፍጣ በጠፋ ቁጥር፣ ዋጋውም በጨመረ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሳል። ከጓሮ ከሚበቅል ፍሬ ዘይት ተጨምቆ ሞተር ውስጥ ቢገባ ምን ይላል?

ጥያቄው የዋህ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ከአሥራ ስድስት ዓመታት በላይ በፊት በብዙ ገንዘብና በብዙ ማሳ ተሞክሯል። የሞከረው ላቦራቶሪ አልነበረም፣ የወላይታ አርሶ አደር ነበር። ዛሬ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ ወደ ወረዳ ቢሮ የሚመጣ ባለሀብት ወይም ፕሮጀክት ቢኖር፣ በጠረጴዛው ወዲህ ያለው ኃላፊም ሆነ ማሳውን የሚሰጠው ገበሬ ያን ታሪክ ሳያውቅ መፈረም የለበትም።

ሞተሩ ምን ይቀበላል?

ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል የሠራው ሞተር ከመነሻው ለአንድ ነዳጅ ብቻ የታጠረ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪሱ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ በዚህ መርሕ የተሠራ አንድ ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ተመልካቹ ልዩነቱን አላስተዋለም ይባላል። በኋላ ግን ናፍጣ በርካሽ ሲገኝ ሞተሩ በናፍጣ ልክ ተሠራ፤ ፖምፓውና ኢንጀክተሩም በናፍጣ ቅጥነት ተለክተው ወጡ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተራ የእጽዋት ዘይት በተመሳሳይ ሙቀት ከናፍጣ አሥር እጥፍ ያህል ይወፍራል። የወፈረ ዘይት ከኢንጀክተሩ ጫፍ እንደ ጉም በንኖ መውጣት ሲገባው እየተንጠባጠበ ይወጣል፣ በደንብ አይቃጠልም፣ ጫፉ ላይ ጥቀርሻ ይጋግራል። ቀጥሎ የፒስተኑ ፋሻ ይጣበቃል። ያልተቃጠለው ዘይት ወደ ሞተር ዘይቱ ወርዶ ያወፍረዋል። በመጀመሪያው ሳምንት መኪናው ያለ ችግር ይሄዳል፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም በዚህ ሳምንት ነው። ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ሲሆን፣ ያኔ ሒሳቡ የሚከፈለው ጋራዥ ውስጥ ነው።

ከዚህ ለመውጣት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሞተሩን ለዘይቱ ማስተካከል ነው። ሁለት የነዳጅ ጋን ይገጠማል፣ ሞተሩ በናፍጣ ተነስቶ ይሞቃል፣ ዘይቱም በሞተሩ ሙቀት ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቆ ይቀጥንና ይገባል። ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ደግሞ ወደ ናፍጣ ይመለሳል። የድሮዎቹ ቀስ ብለው የሚዞሩ ሞተሮች ይህን ይታገሡታል። በኮምፒዩተር የሚታዘዙት የአሁኖቹ ሞተሮች ግን ጨርሶ አይወዱትም።

ሁለተኛው መንገድ ዘይቱን ለሞተሩ ማስተካከል ነው፤ ባዮዲዝል የሚባለውም ይህ ነው። ለ100 ኪሎ ዘይት 11 ኪሎ ገደማ ሜታኖል የሚባለው አልኮል ይገባል፣ ጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ይታከላል፣ ይሞቃል፣ ይታመሳል። ከዚያ 100 ኪሎ አካባቢ ቀጭን ነዳጅና 10 ኪሎ አካባቢ ግሊሰሪን ተለያይተው ይወጣሉ። ግሊሰሪኑ ለሳሙና ይሆናል። ነገሩ በወረቀት ላይ ቀላል ይምሰል እንጂ ሜታኖል ዓይን የሚያጠፋ፣ በቀላሉም በእሳት የሚያያዝ መርዝ ነው፤ የጓዳ ሥራ አይደለም። ነዳጁ በደንብ ካልታጠበና ካልደረቀ ደግሞ ፊልትሮ ይደፍናል፣ ጎማ ነክ ቱቦዎችንም ይበላል። ሲከማችም ከናፍጣ ቶሎ ይበላሻል። በዚህ ምክንያት በአብዛኛው ዓለም ለተራ መኪና የሚፈቀደው ንጹሕ ባዮዲዝል አይደለም፣ በናፍጣ ላይ የተደባለቀ ነው። የአሜሪካ የናፍጣ ደረጃ እስከ 5 በመቶ፣ የአውሮፓው እስከ 7 በመቶ እንዲቀላቀል ይፈቅዳሉ።

ባጃጅ ለሚነዳው ሰው ይህ ሁሉ አይመለከተውም። የእሱ ድርሻ ከሸንኮራ አገዳ ሞላሰስ የሚወጣው ኢታኖል ነው። ኢታኖል ከቤንዚን ጋር እንጂ ከናፍጣ ጋር አይገጥምም። በአገራችን በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ጥሬ ዕቃው ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት ስለሆነ የማንንም ማሳ አልነካም። በናፍጣው በኩል የሆነው ግን ሌላ ነው።

ያ የጉሎ ዘመን

የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ የወጣው በ1999 ዓ.ም. ማብቂያና በ2000 ዓ.ም. መባቻ ላይ ነው። የዓለም ነዳጅ ዋጋ እየናረ ነበር። ስትራቴጂው ለባዮዲዝል ተክሎች ተስማሚ ነው ያለው መሬት በመላ አገሪቱ ወደ 23 ሚሊዮን ሄክታር ይደርሳል። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው አስደምሟል፤ ጥቂት ሰው ግን መሬቱ ላይ ማን እንዳለ ጠይቋል። «ጠፍ» ተብሎ የተቆጠረው መሬት የአንዱ ግጦሽ፣ የሌላው ማገዶ፣ የሦስተኛው የንብ ቀፎ ማስቀመጫ ነው። ይህን የወረዳ ባለሙያ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ኩባንያዎች መጡ። በወላይታ ሰን ባዮፊውልስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለጃትሮፋ መሬት ወሰደ። በምሥራቅ ሐረርጌ ፍሎራ ኢኮፓወር የተባለ የጀርመን ኩባንያ ለጉሎ የተሰጠው መሬት ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር ተደራርቦ ብዙ ክርክር አስነሳ። እዚያው ወላይታና አካባቢው ደግሞ ግሎባል ኢነርጂ ኢትዮጵያ ሌላ መንገድ ያዘ። መሬት ከመውሰድ ይልቅ ከአርሶ አደሩ ጋር ውል ገብቶ በገበሬው ማሳ ላይ ጉሎ አስተከለ። ዘርና ማዳበሪያ በብድር ይቀርባል፣ ባለሙያ ይከታተላል፣ ዕዳው ከምርቱ ይቆረጣል።

ጉሎ ለወላይታ ሰው እንግዳ አልነበረም። ምሥራቅ አፍሪካ፣ በተለይም ኢትዮጵያ፣ የተክሉ መገኛ ናት ተብሎ ይታመናል። በየጓሮው፣ በየቆሻሻ መድፊያው ጥግ ሳይተከል ይበቅላል። ፍሬው አዲስ ምጣድ ለማሟሸት ያገለግላል። እንግዳ የሆነው ጉሎን ከጓሮ አውጥቶ ማሳ ላይ መደርደሩ ነበር።

ጊዜው ግን ክፉ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀረ። የወላይታን ጨምሮ በደቡብ ብዙ አካባቢዎች ሕፃናት በምግብ እጥረት ተጎዱ። የወላይታ ገበሬ ማሳ በአማካይ ከግማሽ ሄክታር የማይበልጥ ነው፤ ከዚያ ላይ የተቀነሰ እያንዳንዱ መደብ ይቆጠራል። ጉሎ ከአምስት እስከ ስድስት ወር መሬት ይይዛል፣ በዚህ ጊዜ ቦለቄ ደርሶ ይነሳል። ስኳር ድንች በሌለበት ዓመት በማሳው ላይ የማይበላ ፍሬ ቆሞ ማየት ለማንም ከባድ ነው። በአካባቢው የተዘዋወሩ የጋዜጣ ዘገባዎችና የሲቪል ማኅበራት ጥናቶች፣ የመልካ ማኅበርን ጨምሮ፣ በዚያን ጊዜ ነዳጅ ከምግብ ቀደመ የሚል ወቀሳ አሰሙ። የክፍያና የተስፋ ቃል ቅሬታም ተሰማ።

ከዚያ በኋላ የወጣ አንድ ጥናት ግን ሥዕሉን አወሳሰበው። በቤልጂየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማርታ ነጋሽና ዮሐን ስዊነን በዚሁ አካባቢ የጉሎ ውል የገቡና ያልገቡ ቤተሰቦችን አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጽሑፍ፣ ውል የገቡት ቤተሰቦች የምግብ ክፍተት ወራቸው አጥሮ እንደተገኘ ያሳያል። ምክንያቱ ጉሎው ራሱ ብቻ አልነበረም። በውሉ በኩል የመጣው ማዳበሪያና ግብዓት ለምግብ ሰብሉም ተርፏል። ገበሬዎቹም ማሳቸውን በሙሉ አልሰጡም፣ የተወሰነ ክፍሉን ብቻ ነበር የለቀቁት።

ሁለቱ ታሪኮች እርስ በርስ የሚጣረሱ ይመስላሉ እንጂ አይጣረሱም። ገበሬውን የጠቀመው ማዳበሪያ በብድር ማግኘቱና የማሳውን ትልቁን እጅ ለራሱ ማስቀረቱ ነው። የጎዳው ደግሞ ዝናብ በቀረበት ዓመት ገዢው አንድ ብቻ የሆነ ሰብል ይዞ መቅረቱ ነው። ማዳበሪያ በወቅቱ ማቅረብ ከተቻለ ለዚያ ሲባል ጉሎ መትከል አያስፈልግም ነበር የሚል ሰውም ሐሰተኛ አይባልም።

ያ ዘመን ብዙም አልቆየም። የነዳጅ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ተንኮታኮተ። ሰን ባዮፊውልስ እ.ኤ.አ. በ2011 ከስሮ ለሞግዚት ተሰጠ። ጃትሮፋ በደረቅና በደካማ መሬት ላይ ብዙ ይሰጣል የተባለው እውነት ሆኖ አልተገኘም። ተክሉ በድርቅ አይሞትም፤ ያለ ውኃና ያለ ማዳበሪያ ግን ፍሬ አይሰጥም። የማይሞትና የሚያፈራ ተክል አንድ አይደሉም። በናፍጣ ላይ ባዮዲዝል በአገር አቀፍ ደረጃ መቀላቀልም ሳይጀመር ቀረ።

ሌሎች የወደቁበት ጉድጓድ

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2003 ከ11 ሚሊዮን ሄክታር በላይ በጃትሮፋ ለመሸፈን አቅዳ ነበር፤ ዕቅዱ ወረቀት ላይ ቀረ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የብራዚል ነው። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ የባዮዲዝል ፕሮግራም ስትጀምር ዝናብ አጠር በሆነው ሰሜን ምሥራቅ ክፍሏ ያሉ ድሃ ገበሬዎች ጉሎ ተክለው ተጠቃሚ እንዲሆኑ አስባ ነበር። ፕሮግራሙ ተሳካ፤ ዛሬ የብራዚል ናፍጣ ከ10 በመቶ በላይ ባዮዲዝል አለበት። ነገር ግን ያ ባዮዲዝል በአመዛኙ ከአኩሪ አተር የሚወጣ እንጂ ከጉሎ አይደለም። ጉሎው የት ሄደ? የተሻለ ዋጋ ወደሚከፍል ሄደ።

የጉሎ ዘይት ከሌሎቹ ዘይቶች በባሕርዩ ይለያል። ከ85 በመቶ በላይ የሆነው ክፍሉ ሪሲኖሌይክ የተባለ አሲድ ነው። ይህ ዘይቱን እጅግ ወፍራምና የሚያዳልጥ ያደርገዋል። ወደ ባዮዲዝል ተለውጦም እንኳ በደረጃው ከተፈቀደው ሁለት እጥፍ በላይ ይወፍራል፣ ስለዚህ ብቻውን መኪና ውስጥ አይገባም። ለነዳጅ እንከን የሆነው ይህ ባሕርይ ለማለስለሻ፣ ለቀለም፣ ለመድኃኒት፣ ለልዩ ፕላስቲክ ግን ወርቅ ነው። የፒያሳ ጋራዦች በየቀኑ የሚጠሩት «ካስትሮል» የሚለው የሞተር ዘይት ስም እንኳ ከጉሎ ዘይት የእንግሊዝኛ ስም የተወሰደ ነው። ውድ የሆነውን ዘይት ማቃጠል በቅቤ እሳት እንደ መለኮስ ነው።

የፓልም ዘይትን ለናፍጣ በብዛት የምትጠቀመው ኢንዶኔዥያ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ድብልቁን 40 በመቶ አድርሳለች። ያ የሚሆነው ዘይቱን ራሷ ስለምታመርትና ተርፎ ስለምትሸጥ ነው። እኛ የምንበላውን ፓልም በውጭ ምንዛሪ የምንገዛ ነን። በዚያ ላይ ከፓልም የሚሠራ ባዮዲዝል ከ13 ዲግሪ በታች መርጋት ይጀምራል። የደብረ ብርሃን ማለዳ አይደለም፣ የሐዋሳ ጥቅምትም ይበቃዋል።

በአንድ ጥማድ

ነገሩን ወደ ገበሬው ማሳ አውርዶ መቁጠር ይሻላል። አነስተኛ ገበሬ ከአንድ ሄክታር ጉሎ 10 ኩንታል ካገኘ ደህና አግኝቷል። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ ሁለት ተኩል ኩንታል ማለት ነው። ፍሬው ግማሽ ያህሉ ዘይት ቢሆንም ትንሽ መጭመቂያ ሁሉንም አያወጣም፣ 38 በመቶ ቢያወጣ 95 ኪሎ፣ በልኬት 100 ሊትር ገደማ ይሆናል።

አንድ መቶ ሊትር። ከሐዋሳ አዲስ አበባ የሚመላለስ የጭነት መኪና በጥቂት ጉዞ ይጨርሰዋል። በ5 በመቶ ልክ ቢቀላቀል ለ2000 ሊትር ድብልቅ ይበቃል።

በዚያው ጥማድ ላይ በቆሎ ቢዘራስ? የአገሪቱ አማካይ የበቆሎ ምርት በሄክታር 40 ኩንታል አካባቢ ነው። ጥማዱ 10 ኩንታል ይሰጣል። አንድ ሰው በዓመት ሁለት ኩንታል እህል ይበቃዋል ቢባል፣ ያ ጥማድ የአምስት ሰው ቀለብ ነው። የአምስት ሰው ቀለብ በአንድ ወገን፣ መቶ ሊትር በሌላው ወገን። ይህን ሒሳብ የሚገለብጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመቶ ሊትሩ ገንዘብ 10 ኩንታል በቆሎ ገዝቶ የሚተርፍ ከሆነ። ለዚያ ደግሞ ዘይቱ በናፍጣ ዋጋ ሳይሆን በጉሎ ዘይት ዋጋ መሸጥ አለበት።

ለቀማውም ሥራ ነው። የጉሎ ፍሬ አንድ ጊዜ አይደርስም። ዘለላው ከታች ሲደርቅ ከላይ ገና አረንጓዴ ነው፣ ስለዚህ እየተመላለሱ በእጅ መልቀም፣ ማድረቅ፣ መፈልፈል ይጠይቃል። ይህ ድካም በአብዛኛው የሚወድቀው በሴቶችና በልጆች ትከሻ ላይ ሲሆን፣ በኩባንያ ዕቅድ ወረቀቶች ላይ ግን እምብዛም አይቆጠርም።

አጥርና መጥበሻ

ታዲያ የእጽዋት ዘይት በናፍጣ ሞተር ውስጥ ቦታ የለውም ማለት ነው? አለው፤ ነገር ግን ቦታው ማሳ ላይ አይደለም። በአማራ ክልል ባቲ አካባቢ ጃትሮፋ እንደ አጥር ሲተከል ኖሯል። ከብት አይበላውም፣ ፍየልም አይደፍረውም። ለአጥርነት የተመረጠውም ለዚሁ ነው። በማሳ ዳር፣ በእርከን ላይ፣ በቦረቦር አፍ የቆመ አጥር የማንንም እህል አይሻማም። ከ4 እስከ 5 ኪሎ ፍሬ በእጅ መጭመቂያ አንድ ሊትር ዘይት ይወጣዋል። ይህ ለጭነት መኪና ምንም አይደለም። ቀስ ብሎ ለሚዞር የገጠር ወፍጮ ሞተር ግን፣ ዘይቱ ከተጣራና ከሞቀ፣ ናፍጣ በጠፋ ሳምንት ወፍጮው እንዳይቆም ያደርጋል። በማሊ በገጠር ይህ መንገድ ተሞክሯል። ጉሎም በጓሮ ጥግ ቢበዛ ቅጠሉ የኤሪ የሐር ትል ይቀልባል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በሁለቱም ላይ ሠርቷል።

ሁለተኛው ቦታ እዚያው ፒያሳና ሐይቁ ዳር ነው። ሐዋሳ የዓሣ ጥብስ ከተማ ናት። ሳምቡሳው፣ ብስኩቱ፣ ድንች ጥብሱም አለ። የጠቆረ የመጥበሻ ዘይት ወይ ቱቦ ውስጥ ይደፋል፣ ወይ ደግሞ ከሚገባው በላይ ተመላልሶ ይጠበስበታል። በአውሮፓም በእስያም ይህ ዘይት እየተሰበሰበ ከባዮዲዝል ዋና ጥሬ ዕቃዎች አንዱ ሆኗል። ከአንድ ሊትር ያገለገለ ዘይት፣ ውኃውና አሲዱ በቅድሚያ ከተወገደለት፣ ከስምንት እስከ ዘጠኝ እጅ ነዳጅ ይወጣል። አንድም መደብ ማሳ አይነካም። የሚፈልገው ሰብሳቢ፣ ኬሚስትና ደረጃ የሚመረምር ሰው ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ቢከለከልም፣ የጭነት መኪናውና ትራክተሩ ገና ለረጅም ጊዜ ናፍጣ መጠየቃቸው አይቀርም።

ወረዳው ሲጠየቅ

ጉሎ ወይም ጃትሮፋ እናስተክል የሚል ውል ሲመጣ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሄክታር?» መሆን የለበትም። ምርቱን ማን ይገዛል፣ ኩባንያው ከወጣ ሁለተኛ ገዢ አለ ወይ፣ ዋጋው በውሉ ላይ በቁጥር ተጽፏል ወይ፣ ዝናብ ቢቀር የዘርና የማዳበሪያው ብድር ምን ይሆናል? የግብርና ምርት ውልን የሚመለከት አዋጅ በ2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለው ውል በቃል የሚታለፍበት ምክንያት የለም። አንድ ቤተሰብ ለማይበላ ሰብል የሚለቀው የማሳው ድርሻም በውሉ ላይ ጣሪያ ቢበጅለት ወላይታ ላይ የጠቀመውን ጎን ማስቀረት ይቻላል።

አንድ ጉዳይ ደግሞ በየስብሰባው ሳይነሳ ያልፋል። የኑግና የተልባ ፋጉሎ ለበሬና ለላም ሲሰጥ የኖረበት አገር ነው። የጉሎና የጃትሮፋ ተረፈ ጭማቂ በመልኩ ከፋጉሎ አይለይም፤ ነገር ግን ሁለቱም መርዝ አላቸው፣ የጉሎው ሪሲን በጣም ጥቂቱ ከብት ይገድላል። ለማሳ ግን ጥሩ ማዳበሪያ ነው። መጭመቂያ በሚተከልበት ቀበሌ ሁሉ ይህ ተረፈ ምርት ከመጭመቂያው በቀጥታ ወደ ማሳ እንዲሄድ፣ ከረጢቱም ላይ ለከብት እንደማይሆን በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ እንዲጻፍ ማድረግ መጭመቂያው ከመተከሉ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።